የአሮጌ ሰንጢ ምስክርነት

በቤተ ዘመዳችን መካከል ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ አንድ ሰንጢ አለ። እጀታው ጥቁር ቀንድ፤ ስለቱ አንድ፤ ተዘግቶ ሲለካም ከመካከለኛ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ ዕቃ ነው። አጎታችን ይህ ሰንጢ በተነሣ ቍጥር፤ «ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ቅርስ ነው» ይላሉ። አያታችን ደግሞ ነጠላቸውን አስተካክለው፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ ታሪክ አትፍጠር፤ ጠላት ከወጣ በኋላ አባቴ ከመርካቶ ገዝቶት ሲመጣ በዐይኔ አይቻለሁ» ሲሉ ይመልሱላቸዋል። በየዓመት በዓሉ ቡና ሲፈላ ይህ ክርክር ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም፤ ተነሥቶም አልቆ አያውቅም።

እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ እንደ ያዝን፤ ይህን ነገር የሚጨርሰው ምርመራ እንጂ ክርክር አይደለም ብለን ሰንጢውን ከሣጥን አስወጣነው። ስለቱ በዝገት ተሸፍኖ ስለ ነበረ፤ ለምርመራው እንዲመች አስቀድሞ ማጽዳት ተገቢ መስሎ ታየን። የብርጭቆ ወረቀት ገዝተን ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ስንፈገፍገው ዋልን። ወደ ማታ ሰንጢው እንደ መስተዋት አበራ፤ እኛም በሥራችን ደስ አለን። በማግሥቱ በሰፈራችን ሰዓት ወደሚያድሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን በዐይናቸው ላይ አድርገው የስለቱን ግርጌ እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፤

«ልጄ፤ እዚህ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ማን ፋቀው?» አሉን።

«ዝገት ነበር እንጂ ጽሑፍ አላየንበትም፤ ጋሼ» አልናቸው።

«ዝገቱ ከላይ ነበር፤ ጽሑፉ ከሥሩ ነበር። አሁን ሁለቱም የሉም» ብለው ሰንጢውን መለሱልን።

በእውነትም ከጽሑፉ የቀረው የአንዲት ፊደል ጭራ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቍጭት ተነሣሥተን ስለ አሮጌ ሰንጢዎች የተጻፈውን እየፈለግን አነበብን፤ የሚያውቁትንም ጠየቅን። የተማርነው ነገር በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ አሮጌ ሰንጢ ስለ ራሱ መመስከር ይችላል፤ ነገር ግን የሚመሰክረው መልኩን ሳይለውጥ ለሚመረምረው ሰው ብቻ ነው። አንባቢዎቻችን ይህን እኛ በከፈልነው ዋጋ ሳይሆን በነፃ እንዲያውቁት ስንል ቀጥለን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ሰንጢና ብዕር

ስለቱ ወደ እጀታው ተመልሶ የሚገባ ቢላዋ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማውያን ከአጥንትና ከነሐስ በተሠራ እጀታ ውስጥ የሚታጠፍ ስለት ይይዙ እንደ ነበር ከመሬት ተቈፍሮ የወጣው ዕቃቸው ይመሰክራል። እንግሊዞች ደግሞ ትንሹን ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ «የብዕር ቢላዋ» እያሉ ይጠሩታል። ይኸውም የብረት ብዕር በ19ኛው መቶ ዓመት ከመስፋፋቱ በፊት ጸሐፊ ሁሉ የሚጽፈው በዝይ ላባ ስለ ነበረ፤ የላባውን ጫፍ በየጊዜው የሚቀርጽበት ትንሽ ስለት ከአጠገቡ አይለየውም ነበርና ነው። ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ብራናውንና ቀለሙን ካሰናዱ በኋላ የመቃ ብርዓቸውን የሚቀርጹት በትንሽ ስለት ነው። እንግዲህ ትንሹ ሰንጢ ከጦር መሣሪያ ይልቅ ለጽሕፈት መሣሪያ የቀረበ ዝምድና አለው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ ሙያ ስሟ እጅግ የገነነው ከተማ በእንግሊዝ አገር በስተ ሰሜን የምትገኘው ሼፊልድ ናት። ቾሰር የተባለው ባለቅኔ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ አንድ ባለወፍጮ የሼፊልድ ቢላዋ ሸጕጦ ይሄድ እንደ ነበር ያወሳል። ከተማይቱን ለዚህ ሥራ ያበቃት አቀማመጧ ነው። ከኮረብታ የሚወርዱት ወንዞቿ የመሳያውን መንኰራኵር ያዞሩ ነበር፤ መንኰራኵሩ የሚጠረብበት አሸዋማ ድንጋይ በአጠገቧ ነበረ፤ ከሰልም ከምድሯ ይወጣ ነበር። በ1624 የእንግሊዝ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ በሼፊልድና በአካባቢዋ ያሉት ቢላዋ ሠሪዎች በአንድ ማኅበር ተደራጁ፤ ማኅበሩም የየባለሙያውን ማኅተም በመዝገብ የሚጠብቅ ሆነ። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት ቢያጣ፤ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ የሚያጠራበትን ዘዴ አገኘ። ለሰዓት ተብሎ የተገኘው ይህ ብረት ለስለትም እጅግ የተስማማ ሆነ።

የዕቃውን ውበት ብቻ እያደነቅን የሠሪውን ድካም መርሳት ግን አይገባንም። አንድ ሰንጢ ከአንጥረኛው ወደ ሳዩ፤ ከሳዩም ወደ ገጣሚው እየተላለፈ ነበር የሚያልቀው። ሳዮቹ ቀኑን ሙሉ በድንጋዩ መንኰራኵር ላይ ጐንበስ ብለው ሲሠሩ ከድንጋዩና ከብረቱ የሚነሣውን ብናኝ ስለሚስቡ፤ ብዙዎቹ በሳንባ በሽታ ገና በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጐንም በጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ነበሩ። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ከሚባሉት አንዱ ስታን ሾው ሥራውን በ1941 በ14 ዓመቱ ጀምሮ፤ እስከ እርጅናው ድረስ ሰንጢ ሲሠራ ኖሮ በ2021 ዐርፏል።

ማኅተሙን ማንበብ

ሰንጢውን ከፍተን ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚጋጠምበትን ግርጌ ብንመለከት፤ ያልተሳለች ጠፍጣፋ ቦታ እናገኛለን። ሠሪው ስሙንና ምልክቱን የሚያትመው በዚህች ቦታ ላይ ነው። ስፋቷ ከጣት ጥፍር ስለማይበልጥ ጥሩ ብርሃንና አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ብርሃኑንም ከፊት ሳይሆን ከጐን ማብራት ይሻላል፤ ያን ጊዜ የጐደጐደው ፊደል ጥላ ይይዝና በግልጥ ይታያል። ዝገት ሸፍኖት እንደ ሆነም ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ አንድ ሁለት ቀን ማቈየት፤ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው እንጂ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም።

ከታወቁት ሠሪዎች መካከል የሼፊልዱ ጆዜፍ ሮጀርስና ልጆቹ ምልክት ኮከብና የማልታ መስቀል ነው። ይህ ቤት በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ 75 ስለትና መሣሪያ ያለው አንድ ግዙፍ ሰንጢ አቅርቦ ሕዝቡን አስደንቆ ነበር። የጆርጅ ዎስተንሆልም ቤት ምልክት ደግሞ አይ፣ ኤክስ፣ ኤል የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ተከታትለው ሲነበቡ «እኔ እበልጣለሁ» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ የሄንክልስ ቤት በ1731 ያስመዘገበው ምልክት የመንትዮች ሥዕል ነው።

ነገር ግን ከሠሪው ስም የበለጠ ዘመኑን የሚነግሩን በአጠገቡ ያሉት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ብዙ የሼፊልድ ሠሪዎች በየዘመኑ የነገሠውን ንጉሥ ወይም ንግሥት ስም መጀመሪያ ፊደል፤ «አር» ከምትለው ፊደልና ከዘውድ ሥዕል ጋር ያትሙ ነበር። «አር» በላቲን ቋንቋ ንጉሥ ወይም ንግሥት ለማለት የምትቆም ፊደል ናት። ስለዚህ «ደብልዩ» ከ«አር» ጋር ቢገኝ ዊሊያም 4ኛ የነገሡበት ከ1830 እስከ 1837 ያለው ዘመን ነው። «ቪ» ከ«አር» ጋር ቢገኝ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት ከ1837 እስከ 1901 ያለው ነው። «ጂ» ከ«አር» ጋር የተገኘ እንደ ሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ጆርጅ የተባሉ ነገሥታት ከ1714 እስከ 1830፤ እንደገናም ከ1910 እስከ 1952 ነግሠዋልና፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በሌላው ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ረዳት የአገር ስም ነው። በ1890 በአሜሪካ ምክር ቤት የወጣው የማኪንሌይ የቀረጥ ሕግ፤ ከ1891 መጋቢት ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘ። ስለዚህ ከከተማው ስም ሌላ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ቃል ታትሞበት ብናይ፤ ሰንጢው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ባይኖር ግን ከዚያ በፊት ነው ብሎ ወዲያው መፍረድ አይቻልም፤ ወደ አሜሪካ ሊላክ ያልታሰበ ዕቃ ያን ሕግ የመጠበቅ ግዴታ አልነበረበትምና።

ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ነው። በ1913 ሃሪ ብሬርሊ የተባለ ሰው በዚያችው በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት ሠራ። እንግዲህ የማይዝግ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በስለቱ ላይ የተገኘበት ሰንጢ፤ ባለቤቱ የቱንም ያህል ጥንታዊ ነው ብሎ ቢምል፤ ከ1913 በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም።

በአሜሪካ አገር የሚገኘው የኬዝ ቤት ደግሞ ለሰብሳቢዎች እጅግ የተመቸ ዘዴ አበጀ። በ1970 በማኅተሙ ሥር 10 ነጥቦች አደረገ፤ በየዓመቱም አንዳንድ ነጥብ ይቀንስ ጀመር። እንግዲህ 7 ነጥብ ያለበት በ1973 የተሠራ፤ 1 ነጥብ ያለበትም በ1979 የተሠራ ነው። የዚሁ ቤት የሞዴል ቍጥርም የሚነበብ ነው። 6254 የሚለውን ብንወስድ፤ 6 እጀታው አጥንት መሆኑን፤ 2 የስለቶቹን ብዛት፤ 54 የቅርጹን ዓይነት ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ ወጣቱ መርማሪ ሊጨብጠው የሚገባው አንድ ዋና ነገር አለ። ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ዕቃው ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ ነው እንጂ ማን መቼ እንደ ገዛው አይደለም። በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ሰንጢ በነጋዴ መደርደሪያ ላይ ወይም በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ብዙ ዓመት ቈይቶ ሊሸጥ ይችላል። በቢሮ ውስጥ መዝገብ የሚያገላብጥ ወጣት ሠራተኛ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል፤ በአንድ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን የተጻፈበት ነው እንጂ የደረሰበት አይደለም።

ማኅተም ሲዋሽ

ማኅተም የዋጋ ምንጭ ከሆነ ዘንድ ሐሰተኛ ማኅተም መኖሩ አይቀርም። በ19ኛው መቶ ዓመት በዞሊንገንና በሌላም ስፍራ የተሠሩ ርካሽ ዕቃዎች «ሼፊልድ» የሚል ጽሑፍ እየታተመባቸው ይሸጣሉ ሲሉ የሼፊልድ ሠሪዎች አብዝተው ይጮኹ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1887 የንግድ ምልክትን የሚመለከት ሕግ አውጥቶ እንዲህ ያለውን ማታለል በወንጀል የሚያስቀጣ አደረገው። ነገሩ ግን ኋላ ተገለበጠ። ዞሊንገን በራሷ ጥሩ ሥራ ስሟ ስለ ተጠራ፤ እርሷም በተራዋ ስሟን ከአስመሳዮች ለመጠበቅ ተገደደች፤ በ1938 በወጣ ሕግም የከተማይቱ ስም ከአካባቢዋ ውጪ በተሠራ ስለት ላይ እንዳይታተም ተከለከለ።

በዛሬው ጊዜም አሮጌ ስለት ባዲስ እጀታ ላይ የሚገጥሙ፤ የታወቀ ስም ባልታወቀ ስለት ላይ የሚያትሙ፤ አዲሱንም በአሲድ ነክረው አሮጌ የሚያስመስሉ አሉ። እነርሱን የሚያጋልጣቸው የዕቃው አካላት እርስ በርሳቸው አለመስማማት ነው። ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኖ ሳለ እጀታው ትናንት የተሠራ ቢመስል፤ ወይም ሌላው ነገር ሁሉ አልቆ ማኅተሙ ብቻ ጥርት ብሎ ቢታይ ልንጠረጥር ይገባናል። እጀታውን የያዙት ትናንሽ ችንካሮች አናታቸው ሁሉ እኩል ያረጀ መሆኑን ማየት ያሻል። ስለቱ ከአንድ በላይ እንደ ሆነ በሁሉም ላይ ያለው የዕድሜ ጥቍረት መመሳሰል አለበት። በጀርባው ያለው ሞላ ጥሩ ከሆነ ሰንጢው ሲከፈትና ሲዘጋ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ የከፈቱት ስለትም ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይወላገድም።

እጀታውም የሚጠየቅ ምስክር ነው። እውነተኛ አጥንት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፕላስቲክ የላቸውም። ቀንድ በሳሳበት ጠርዝ በኩል ወደ ብርሃን ቢያዙት ብርሃን ያሳልፋል። ከ1870 ገደማ ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው ሴሉሎይድ ደግሞ በጣት አሽተው ሲያሞቁት የካምፎር ሽታ ይሰጣል። አንዳንድ ሰዎች ቁሱን ለመለየት የጋለ መርፌ ይወጉበታል፤ ይህ ግን ዕቃውን የሚያበላሽ ከመሆኑም በላይ ሴሉሎይድ በቶሎ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ አደጋ ያመጣል።

የስለቱ ቅርጽ ደግሞ የባለቤቱን ሥራ ይነግረናል። እንደ ማጭድ የጐበጠ ስለት ያለው የአትክልተኛ ነው። ከፈረስ ኮቴ ውስጥ ድንጋይ ማውጫ ቈልማማ ብረት ያለው የፈረሰኛ ነው። ጫፉ ደንዘዝ ያለ ሰፊ ስለትና የገመድ ቋጠሮ መፍቻ ወስፌ ያለው የመርከበኛ ነው። ቀጭንና ትንሽ ስለት ያለው ደግሞ ቀደም ብለን እንዳነሣነው የጸሐፊ ነው።

በትንሽ ደመወዝ መሰብሰብ

ይህን ሁሉ ያነበበ ወጣት «መሰብሰብ የባለጸጎች ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እኛ ግን ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆኖ አግኝተነዋል። ያገኙትን ሁሉ ከመግዛት አንድ ወገን መምረጥ ይሻላል፤ የአንድ ከተማን ሥራ፤ ወይም የአንድ ሙያ ሰዎችን ሰንጢ፤ ወይም ቀንድ እጀታ ያላቸውን ብቻ። ዐሥር እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ ሰንጢዎች ከመቶ የማይዛመዱ ይልቅ ያስተምራሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የራስን ቤት ሣጥን መፈተሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ አሮጌ ብረታ ብረት በሚሸጥበት በመርካቶው ምናለሽ ተራ መዞርም ዐይንን ያሠለጥናል።

ለእያንዳንዱ ሰንጢ በመዝገብ ላይ አንድ ገጽ መስጠት ያስፈልጋል። ከማን፤ መቼ፤ በስንት ብር እንደ ተገኘ፤ ተዘግቶ ሲለካ ርዝመቱ፤ የእጀታው ዓይነት፤ ማኅተሙ ፊደል በፊደል፤ የጐደለውና የተጠገነው ሁሉ ይጻፍ። ባለቤቱ የነገረውም ይጻፍ፤ ነገር ግን እርሱ የተናገረውና እኛ ራሳችን ያየነው በየፈርጁ ተለይቶ ይቀመጥ። መዝገብ የሌለው ስብስብ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይሞታል።

አጠባበቁ ቀላል ነው። በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭን የዘይት ቅባት መቀባት፤ ስለቱን በባዶ ጣት ከነኩ በኋላ መወልወል። ስለ ውበት ብሎ በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለረዥም ጊዜ መተው ግን ስሕተት ነው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳው የተለፋበት ነገርም ብረቱን ያዝጋል፤ ነሐሱንም አረንጓዴ ያደርጋል። ባለ ሴሉሎይድ እጀታውን ከሌሎቹ ለይቶ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማኖር ያስፈልጋል፤ ሲያረጅ የሚወጣው ትነት የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ይበላልና። ስለቱንም እንደገና መሳል አይገባም፤ በሳልነው ቍጥር ከብረቱም ከታሪኩም ይቀንሳል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በጥንቱ ዘመን ለሀብታሞች የተሠሩ ሰንጢዎች እጀታቸው የዝሆን ጥርስ የሆነ ብዙ ናቸው። የዝሆን ጥርስ ንግድ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተወሰነ ነው፤ አገራችንም በ2015 ከስድስት ቶን በላይ የሚመዝን የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጥላለች። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሕጉን ሳያውቁ መግዛት፤ መሸጥ ወይም ከድንበር ማሳለፍ ወደ ጥፋት ያደርሳል። ደግሞም የሰብሳቢ ሰንጢ ስፍራው ሣጥን ነው እንጂ ኪስ አይደለም፤ በአውሮፕላን ስንሄድም ከእጅ ሻንጣ ውስጥ ሊገኝ አይገባም።

ከጥፋታችን በኋላ

አሁን ወደ ራሳችን ሰንጢ እንመለስ። በስለቱ ግርጌ «ቪ» ወይም «ጂ» ታትሞ ቢሆን ኖሮ የአጎታችንንና የአያታችንን ክርክር በሚገባ ባበራው ነበር። «ቪ» ቢገኝ ሰንጢው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የነበረ ለመሆኑ ምስክር ይሆን ነበር፤ መቼ በእጃችን እንደ ገባ ግን ባልነገረንም ነበር። የማይዝግ ብረት አለመሆኑን ዝገቱ ነግሮናል፤ ይህ ግን ለሁለቱም ወገን አይፈርድም፤ ዝገት የሚይዘው ብረት ከ1913 በኋላም መሠራቱን አላቋረጠምና። የቀረችውን የፊደል ጭራም ደጋግመን ብናያት የምትናገረው የለም።

ጥፋታችንን ለአያታችን በነገርናቸው ጊዜ ይቈጡናል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ሥቀው፤ «ልጄ፤ ብረቱን ከመጠየቅህ በፊት እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉን። በእውነቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲከራከሩ ሰማናቸው እንጂ አንድም ጊዜ ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር። ያን ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ጠየቅናቸው። አባታቸው በፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ እንደ ነበሩ፤ በዚህ ሰንጢ እርሳስ ይቀርጹበት እንደ ነበር፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱም በዚያው ብርቱካን ልጠው ለልጆቻቸው ያካፍሉ እንደ ነበር ነገሩን። አጎታችንንም ለብቻቸው ጠይቀን ቃላቸውን ጻፍን። ሁለቱ ቃላት አልተስማሙም፤ እኛም እንዲስማሙ አላስገደድናቸውም።

ሰንጢው አሁን በዘይት ተቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ርዝመቱና የእጀታው ዓይነት ተጽፏል፤ የአያታችን ቃል በአንድ ፈርጅ፤ የአጎታችን ቃል በሌላው ፈርጅ ሰፍሯል። ማኅተም በሚለው ረድፍ ትይዩ ደግሞ «ነበረ፤ የፋቅነው እኛ ነን» ብለን ጽፈንበታል። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው አያታችን ወይም አጎታችን ተሳስተዋል ብሎ ይፈርድ እንደ ሆነ አናውቅም፤ የእኛን ስሕተት ግን ሳይጠራጠር ያውቃል። አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ የአባቶቻችሁን ሣጥን ስትከፍቱ ዝገት ያለበት ሰንጢ ብታገኙ፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ትታችሁ አስቀድማችሁ መብራት አብሩ፤ ቀጥሎም በቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቁ።